ከጋሥጫ እስከ ቱሉ አውሊያ፦ ሐሳብ አመንጪውን ምን ብለን ጠራነው?

በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንግዳ ሲጋበዝ ከስሙ ፊት የሚቀመጡለት ቃላት የታወቁ ናቸው፤ ምሁር፣ ተመራማሪ፣ ተንታኝ። ስለ ኑሮ ውድነት የተናገረው የምጣኔ ሀብት ምሁር ነው፤ ስለ ምርጫ የተናገረው የፖለቲካ ተንታኝ ነው፤ ስለ ዝናብ መዛባት የተናገረችው ተመራማሪ ናት። ሦስቱም የሚያከብሩ ስሞች ናቸው። ነገር ግን ከሦስቱ አንዱም የማይሸፍነው ሥራ አለ። የተበታተነውን ነገር አይቶ፣ ከሥሩ ያለውን ምክንያት በራሱ አእምሮ ፈልጎ፣ «ይህ የሚሆነው በዚህ የተነሣ ነው» የሚል ማብራሪያ የሚያቆም፣ ካቆመም በኋላ ለሚነሣበት ጥያቄ ሁሉ መልስ የሚሰጥ ሰው አለ። ለማብራሪያው ከአብዮቱ ዘመን ወዲህ «ንድፈ ሐሳብ» የሚል ስም ተለምዷል። ሰውዬውን ግን ዛሬም አንዱ ቲዎሪስት፣ ሌላው የንድፈ ሐሳብ ሊቅ፣ ሦስተኛው ፈላስፋ፣ አራተኛው ዝም ብሎ ፕሮፌሰር ይለዋል።

ጉዳዩ የስያሜ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆች በተተወ ነበር። ስሙ ሲደባለቅ ግን ሥራውም ተደባለቀ። ንድፈ ሐሳብ የሚያውቀውን ንድፈ ሐሳብ ከሚያመነጨው መለየት አቃተን፤ የሌላውን ማብራሪያ አጥንቶ በቃሉ የሚያወርደውን ከአመንጪው እኩል፣ አንዳንዴም አስበልጠን አከበርን። ይህን ልዩነት ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከመካነ ሰላም እስከ መቅደላ፣ ከዚያም በሽሎን ተሻግሮ እስከ ደላንታና ዋድላ ያለው የወሎ ደጋ ሐሳብ አመንጪዎች የኖሩበት፣ የተከራከሩበት፣ በመጨረሻም እሱ ራሱ የሌሎች ንድፈ ሐሳብ ማሳያ የሆነበት አገር ነው።

ከጋሥጫ እንነሣ። አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ በዛሬው የወሎ ቦረና ምድር ሰግላ በተባለ ስፍራ ከካህኑ ከሕዝበ ጽዮን የተወለደ ሲሆን፣ በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ15ኛው መጀመሪያ በዐፄ ዳዊት፣ በዐፄ ቴዎድሮስ ቀዳማዊና በዐፄ ይስሐቅ ዘመን ኖረ። የተማረው በሐይቅ እስጢፋኖስ ነው። ገድሉ ትምህርት አልገባ ብሎት እህል እየፈጨ ማኅበሩን ያገለግል እንደ ነበርና በእመቤታችን አማላጅነት የልቡና ጽዋ እንደ ጠጣ ይተርካል። በቤተ ክርስቲያን ዘንድ በመጽሐፈ ሰዓታት ይታወቃል፤ መታሰቢያውም ሐምሌ 7 ነው። ለዚህ ዳሰሳ ከሥራዎቹ ሁሉ የሚበልጠው ግን በ1416 ዓ.ም. የተፈጸመው መጽሐፈ ምሥጢር ነው።

መጽሐፈ ምሥጢር እንዴት እንደተሠራ ልብ ይባል። ሠላሳ ያህል ክፍሎች አሉት፤ የሰባልዮስን፣ የአርዮስን፣ የንስጥሮስን፣ የማኒንና የሌሎችንም ትምህርት እየነሣ ይመረምራል። አሠራሩ መጀመሪያ ተቃዋሚው የሚለውን ማስቀመጥ፣ ቀጥሎ ያ አነጋገር የት እንደሚያደርስ ማሳየት፣ ከዚያ ከመጽሐፍ ማስረጃ እያመጡ የራስን ማብራሪያ ማቆም ነው። ክፍሎቹ በዓመቱ በዓላት እንዲነበቡ የተመደቡ ናቸው፤ ስለዚህ ረቂቁ ክርክር በጉባኤ መካከል ይሰማ ነበር። አባ ጊዮርጊስ የተከራከረው ከሞቱ መናፍቃን ጋር ብቻም አይደለም። ቢቱ ከሚባል የቤተ መንግሥት ሰው ጋር በዘመኑ ፊት ለፊት ገጥሟል፤ ገድሉም በዚህ የተነሣ መታሰሩን ይናገራል። እኔ በዚህ ሰው ሥራ ውስጥ የሐሳብ አመንጪን ምልክት ሁሉ አያለሁ። ጥያቄ አለው፤ ተቃራኒውን ያውቃል፤ የራሱን ያቆማል፤ ስላቆመውም ዋጋ ይከፍላል። ሆኖም በአማርኛ ስለ ንድፈ ሐሳብ ታሪክ ሲጻፍ ስሙ አይነሣም፤ «ደራሲ» እና «ጻድቅ» ተብሎ ያልፋል። ሁለቱም እውነት ናቸው። ሦስተኛው ግን ጎድሏል።

የአባ ጊዮርጊስ አባት ካህናተ ደብተራ ከሚባሉት ወገን ነበር፤ በንጉሡ ድንኳን ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግሉ ማለት ነው። የግእዙ ደብተራ ድንኳን ነው። ድንኳኑ ለአገልጋዩ ስም ሆነ፤ ከዚያም ዜማና ቅኔ ለተማረው ያልተቀሰሰ ሊቅ ሁሉ ተሰጠ፤ ዛሬ ደግሞ በብዙ ሰው አፍ ክታብ ጻፊና አስማተኛ ማለት ሆኗል። የዳግማዊ ዐፄ ቴዎድሮስን ታሪክ የጻፉት ደብተራ ዘነብ በዚህ ስም መጠራታቸው በዘመናቸው ክብር ነበር። ስሙ ሰውየው የቆመበትን ቦታ እንጂ የሚሠራውን ሥራ ስለማይናገር፣ ቦታው ሲዋረድ አብሮ ተዋረደ።

ሥራውን የሚናገር ስም ግን በዚያው በገዳሙ ትምህርት ውስጥ ነበር። ቲዎሪ የሚለው ቃል መነሻ በግሪኮቹ ዘንድ ማየት ነው፤ ቴዎሮስ የሚባለው ከተማው በዓልን ወይም የአምልኮ ስፍራን አይቶ እንዲመጣ የሚልከው ሰው ነበር፤ ተመልሶም ያየውን ይናገራል። ፕላቶንና አሪስጣጣሊስ ይህን ማየት ወደ አእምሮ ሥራ አዛወሩት፤ የምሥራቅ መነኮሳት ደግሞ ወደ ጸሎት። በእኛ አገር መጻሕፍተ መነኮሳት የሚባሉት ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ ይህን ትምህርት ይዘው ወደ ግእዝ ገቡ። መምህራኑ የሚያስተምሯቸው ዐሥሩ መዓርጋት ከጽማዌና ከልባዌ ይጀምሩና በአንብዕ፣ በኩነኔ፣ በፍቅር እያለፉ ሲወጡ የመጨረሻው «ነጽሮተ ሥሉስ ቅዱስ» ይባላል። ነጽሮት ማየት ነው፤ ትኩር ብሎ፣ በነጻ ልቡና ማየት። ስለዚህ ግእዝ ለዚህ ነገር ቃል አጥቶ አያውቅም። ያ ቃል ከፍ ብሎ ከመንፈሳዊ መሰላል ጫፍ ላይ ስለ ተቀመጠ ግን ስለ ገበያ ዋጋ ወይም ስለ ቋንቋ ሕግ የሚያስብን ሰው ነጻሪ ብሎ ለመጥራት የደፈረ የለም። ከአብዮቱ ወዲህ አማርኛ ርእዮተ ዓለም ሲል፣ አልፎ አልፎም ነጽሮተ ዓለም ሲል፣ ያው ማየት ተመልሶ መጣ፤ ያን ጊዜ ግን የግለሰቡ ዐይን መሆኑ ቀርቶ የድርጅት ሆነ።

ሌላም ዐይን አለ። አራቱን ጉባኤያት ማለትም ብሉይን፣ ሐዲስን፣ ሊቃውንትንና መነኮሳትን የጨረሰ መምህር «አራት ዓይና» ይባላል። ይህ ስም ውብ ነው፤ ዕውቀትን ክምችት ሳይሆን ማያ አድርጎ ያቀርበዋል። ይሁን እንጂ የሚለካው ስንት መጽሐፍ መማሩን ነው። የራሱን ማብራሪያ ላመጣው መምህርና የተቀበለውን ሳይሸርፍ ለሚያስተላልፈው መምህር ስሙ አንድ ነው። በአንድምታው ዘንድ የባሰ ነው፤ «አንድም» እያለ የሚደረድረው ሐሳብ ብዙውን ጊዜ አመንጪው አይታወቅም። ልዩነቱ የሚነገረው የላይ ቤት፣ የታች ቤት እየተባለ ነው። ከታች ቤት ጀርባ የሚነሣው የመምህር ኤስድሮስ ስም ከጥቂቶቹ አንዱ ነው። ሐሳቡ የቤቱ ንብረት ነውና ሰውየው ራሱን ይሰውራል። ትሕትናውን አከብራለሁ። ያስከፈለን ዋጋ ግን አለ፤ ማን፣ መቼ፣ ለምን ጥያቄ ያን ትርጓሜ እንዳመጣ ካልታወቀ ትርጓሜውን ማጥናት እንጂ መሞገት አስቸጋሪ ይሆናል።

ልዩነቱን አጥርቶ ያቆየልን ትምህርት ቤት ቅኔ ቤት ነው። ከመቅደላ ወደ ሰሜን በሽሎን ተሻግሮ፣ ከደላንታ ሜዳ ወዲያ ያለው ዋድላ ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር የሦስቱ የቅኔ ቤቶች ስም ነው። ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ ግሱን ይገሣል፣ እርባ ቅምሩን ያወጣል፣ አገባቡን ይቀጽላል፤ ይህ ሁሉ የተቀበለው ነው። ከዚያ ከሁለቱ የጉባኤ ቃና ቤቶች ጀምሮ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ድረስ በየቀኑ የራሱን እየቆጠረ ለመምህሩ ይነግራል፤ ሲጎድል ይታረማል። የሰው ቅኔ የሚደግም ተማሪ አልተማረም። በማኅሌት የተሰማ ቅኔም ለሚቀጥለው በዓል አያገለግልም፤ አዲስ ይዘረፋል። ይህን ሰው «ቅኔ አዋቂ» ማለት ይቻላል፤ ሙሉ ስሙ ግን «ባለ ቅኔ» ነው። «አዋቂ» እና «ባለ» በዚህ ቃል ላይ ተለያይተው ቆመዋል። ባለ ቅኔው ቅኔውን ያመጣው እሱ ነውና ስሕተቱም የእሱ ነው፤ መምህሩ «ይህ እንዴት ይሆናል?» ሲለው የሚመልሰው እሱ ራሱ ነው። የዚህ ዳሰሳ መልስ ያለው እዚህ ይመስለኛል፤ እሱን ከመናገሬ በፊት ግን ገና የሚታለፍ አገር አለ።

ወሎ የክርስቲያን ሊቃውንት ብቻ አገር አይደለም። ጌታ፣ ዳና፣ ጀማ ንጉሥ፣ ሾንኬ የሚባሉት የወሎ የእስልምና ትምህርት ማዕከሎች በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከሩቅም ከቅርብም ደረሳ ይጎርፍባቸው ነበር፤ የታሪክ ተመራማሪው ሁሴን አሕመድ ስለ 19ኛው ክፍለ ዘመን ወሎ በጻፉት መጽሐፍ ይህን በሰፊው አሳይተዋል። ነሕው፣ ፊቅህ፣ ተውሒድ የሚቀራበት ይህ ዓለም የምንፈልገውን ልዩነት በቁርጥ ቃል ይዞታል። በሕግ ጉዳይ ከምንጩ ተነሥቶ በራሱ ጥረት ውሳኔ ላይ የሚደርሰው ሙጅተሂድ ነው፤ የቀደመውን ኢማም ውሳኔ የሚከተለው ሙቀሊድ ነው። ሙቀሊድ መሆን ነውር አይደለም፤ አብዛኛው ዓሊም ራሱን ከዚህ ያስቀምጣል። የሚከብደው ሙቀሊድ ሆኖ በሙጅተሂድ ስም መጠራት ነው። ሸህ ጦልሐ ቢን ጃዕፈርን የመሰሉት ደግሞ ዐጀሚ በሚባለው አጻጻፍ፣ በዐረብ ፊደል አማርኛ እየጻፉ ረቂቁን ነገር ለአገራቸው ሕዝብ በአገሩ ቋንቋ አቅርበዋል። አማርኛ ሐሳብ አይሸከምም የሚል ካለ የወሎን ዐጀሚ አልሰማም።

ሁለቱ የዕውቀት ቤቶች በአንድ ክፉ አጋጣሚ ተገናኝተዋል። በግንቦት 1870 ዓ.ም. ከደሴ በስተሰሜን ቦሩ ሜዳ ላይ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛና ንጉሥ ምኒልክ በተገኙበት ጉባኤ ተደረገ። ካራ የሚባሉት የተዋሕዶ ሊቃውንትና ሦስት ልደት የሚሉት የጸጋ ልጆች ተከራከሩ። ለትውልድ የቆየው የክርስቶስን ባሕርይ የማብራራት ጥያቄ በንጉሥ ዐደባባይ ተቆረጠ፤ ጸጎች ተረቱ። እዚያው ጉባኤ ላይ የወሎ ሙስሊሞች ክርስትና እንዲነሡ ታዘዘ። ኢማም ሙሐመድ ዐሊ ራስ ሚካኤል ሆኑ፤ ሸህ ጦልሐን የመሰሉት አሻፈረኝ አሉ። ክርክሩን ያካሄዱት ሰዎች ምን ያህል የረቀቁ እንደ ነበሩ የአንድምታው ሊቃውንት ዛሬም ያውቃሉ። በታሪክ መጽሐፍ የቀሩት ግን የወገን ስም ይዘው ነው፤ ካራ፣ ቅባት፣ ጸጋ። በሠይፍ በተቆረጠ ክርክር ውስጥ ሐሳብ አመንጪው ይጠፋል፤ የሚቀረው አሸናፊና ተሸናፊ ነው። ይህ ልማድ ከመቶ ዓመት በኋላ በሌላ ቋንቋ ተመልሶ መጣ።

ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት መቅደላ ላይ አንድ ጊዜ እንቁም። ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አድባራትና ከሌላም ያሰባሰቧቸው አንድ ሺህ ገደማ የብራና መጻሕፍት በአምባው ላይ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን የታሰቡ ነበሩ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አምባው ሲያዝ የእንግሊዝ ጦር ዘረፋቸው፤ ደላንታ ሜዳ ላይ ምርኮው በሐራጅ ተሸጠ፤ ከመጻሕፍቱ 350 ያህሉ ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። ዊልያም ራይት እ.ኤ.አ. በ1877 ካታሎጋቸውን አሳተመ። ከዚያ ወዲህ ስለ ኢትዮጵያ ሐሳብ የሚጽፈው ሊቅ አውሮፓ ተቀምጦ የሚጽፈው ሆነ፤ የዋድላ መምህር ደግሞ የእሱ መረጃ ሰጪ። የማን ሐሳብ እንደ ንድፈ ሐሳብ ይቆጠራል የሚለው ጥያቄ መጻሕፍቱ የት ናቸው ከሚለው ተለይቶ አያውቅም።

ፈላስፋ ስለሚለው ስም ባጭሩ ማለፍ ይቻላል። ቃሉ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አባ ሚካኤል ከዐረብኛ በመለሱት መጽሐፈ ፈላስፋ ጠቢባን በኩል በግእዝ ጸንቷል፤ እዚያ ፈላስፋ ማለት ምክር የሚሰጥ ጥበበኛ ነው። በዘርዐ ያዕቆብ ስም የሚጠራው ሐተታ ደግሞ ሐታቲ የሚል፣ ጠያቂና መርማሪ የሆነ ሌላ ሰው አስተዋወቀን። ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 ሐተታውን የጻፈው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ጣሊያናዊ ሚሲዮናዊ ነው አለ፤ ክላውድ ሰምነር ኢትዮጵያዊ ነው ብለው ዘመናቸውን ሙሉ ተከራከሩ፤ ክርክሩ አልተዘጋም። ያም ሆነ ይህ ሐታቲ በንግግር አማርኛ አልገባም። የገባው «አትፈላሰፍብኝ» ነው።

ሐሳብ አመንጪ የሚለውን ስም በአማርኛ ጽሑፍ ያለ ጥርጥር የሚያገኘው ሰው ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ነው። በ33 ዓመቱ ገደማ ሞተ፤ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ታተመ። ዕውቀት ያለው ሕዝብ ዕውቀት ከሌለው ጋር ሲገበያይ ልውውጡ እኩል እንደማይሆን፣ ጥሬ ዕቃ እየሸጠ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ አገር ድካሙን ለሌላ እንደሚያስረክብ አስረዳ። ላቲን አሜሪካዊው ራውል ፕሬቢሽ ስለ ንግድ ልውውጥ አለመመጣጠን የጻፈው ከዚያ ሩብ ምዕተ ዓመት ገደማ ዘግይቶ ነው። የገብረ ሕይወት ማብራሪያ በንጹሕ አማርኛ የተጻፈ፣ ከራሱ አገር ጉምሩክና ገበያ የተነሣ፣ ማንም ሊሞግተው በሚችል መንገድ የቆመ ነው። እኛ ግን ለረጅም ጊዜ «ደራሲ» እና «አገር ወዳድ» አልነው። እነዚህን ስሞች መስጠት ቀላል ነበር፤ መጽሐፉን እንደ ንድፈ ሐሳብ ማንበብ ግን የኢኮኖሚ ክርክር ውስጥ መግባትን ይጠይቃል።

ቲዎሪ በስሙ ሕዝብ መካከል የገባው በተማሪዎች ንቅናቄ ነው። ደሴ ወይዘሮ ስሂን የተማረው የወሎው ዋለልኝ መኰንን በኅዳር 1962 ዓ.ም. ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፋት ጥቂት ገጽ በእንግሊዝኛ ነበረች። ከእሷ ቀጥሎ የመጣው ክርክር ብሔር ማለት ምን ማለት ነው ሲል ብዙ ጊዜ መልሱን ያገኘው ከስታሊን የ1913 እ.ኤ.አ. ጽሑፍ ነው፤ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 39 ላይ ያለውን ትርጓሜ የሚያነብ ሰው የዚያን ጽሑፍ ጥላ ያያል። በ1968 ዓ.ም. አዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ «አብዮታዊ መድረክ» በሚል ዐምድ ኢሕአፓና መኢሶን ስለ ዲሞክራሲ ሲከራከሩ አገሩ እንዲህ ያለ የሐሳብ ሙግት በአማርኛ አንብቦ አያውቅም ነበር። ቃላቱ የተፈለፈሉት ያን ጊዜ ነው፤ ወዛደር፣ ተራማጅ፣ አድኃሪ፣ ርእዮተ ዓለም፣ ንድፈ ሐሳብ። የዚያን ትውልድ ድፍረትና መሥዋዕትነት ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ግን ማን ቲዎሪ ያውቃል ሲባል መለኪያው ማርክስንና ሌኒንን ማን በደንብ ይጠቅሳል የሚል ነበር። በወሎው ሸህ ቋንቋ ብንናገር፣ ሙቀሊዱ የሙጅተሂድን ወንበር ያዘ። ክርክሩም እንደ ቦሩ ሜዳው በመሣሪያ ተቆረጠ። ከዚያ በኋላ «ቲዎሪ» በሕዝቡ አፍ ሌላ ትርጉም አወጣ። «ይሄ ቲዎሪ ነው» የሚል ሰው ዛሬ ነገሩ መሬት አይነካም ማለቱ ነው። ካድሬው የገበሬ ማኅበር ስብሰባ ላይ ያወረደውን ቃል የሰማ ገበሬ ለቃሉ ይህን ትርጉም መስጠቱ አይፈረድበትም።

አሁን ነገሩ ወደሚከብድበት ቦታ ደርሰናል። የ1965 እና የ1966 ዓ.ም. የወሎ ረሀብ በዓለም ላይ ከታወቁት የኢኮኖሚ ንድፈ ሐሳቦች አንዱን አቁሟል። አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ስለ ድህነትና ረሀብ በተጻፈ መጽሐፉ ከቤንጋል ጋር ወሎን ዋና ማስረጃ አደረገ። ክርክሩ ይህ ነው፦ በዚያ ዓመት በአገሩ ሁሉ የእህል ምርት ያን ያህል አልወደቀም፤ የደሴ ገበያ ዋጋ በጣም አልናረም፤ እንዲያውም እህል ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ ይወጣ ነበር። ሰው የተራበው እህል ከአገር ስለ ጠፋ ሳይሆን የሚገዛበት አቅም፣ የሚጠይቅበት መብት ስለ ጠፋበት ነው። ሰብሉ የጠፋበት ገበሬ የሚሸጠውም የለውም፤ የሚሸጠው የሌለው ደግሞ እህል ወደ ገበያው አይስብም። ሴን እ.ኤ.አ. በ1998 የኖቤል ሽልማት ሲቀበል የወሎ ሰው ሞት በዚያ ሥራ ውስጥ ነበረ።

ይህን ማብራሪያ በቅጡ የሞገቱትም ወሎን ይዘው ነው። ስቲቨን ደቨሩ እ.ኤ.አ. በ1988 ደሴ ከተማ ላይ ያለው ዋጋ መንገድ በሌለው ደጋና ቆላ ውስጥ ስላለው ገበያ ምን ይናገራል ሲል ጠየቀ። ከመቅደላ ወይም ከቦረና ገደል ማዶ ያለ መንደር ከደሴ ዋጋ ጋር የተገናኘ እንዳልነበረ አገሩን የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይረዳል፤ በወሎ ውስጥ የእህል እጥረቱም እውነተኛ ነበር። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም እ.ኤ.አ. በ1984 ስለ ገጠሩ ለረሀብ ተጋላጭነት ባሳተሙት ጥናት ሃያ ዓመታትን መርምረው ሌላ ማብራሪያ አቆሙ፤ ረሀብን የሚወልደው ገበሬውን ለዓመት ከእጅ ወደ አፍ አድርጎ የሚያቆየው የኑሮ ሥርዐት ራሱ፣ ከላዩም የተጫነው ገዢ ኃይል ነው አሉ። ደሳለኝ ራሕመቶ ደግሞ ከ1977ቱ ረሀብ በኋላ አምባሰልን አጥንተው ገበሬው ዝም ብሎ ሞትን እንደማይጠብቅ አሳዩ። አስቀድሞ ፍጆታ ይቀንሳል፤ ከብቱን በቅደም ተከተል ይሸጣል፤ ዘር ያቆያል፤ ዘመድ ይጠጋል፤ ስደትን የመጨረሻ ያደርጋል።

እነዚህን አራት ሰዎች ጎን ለጎን ስናስቀምጥ የስማችን ጉድለት ይታያል። በአማርኛ ጽሑፎቻችን ሴን «ቲዎሪስት» ወይም «የንድፈ ሐሳብ አባት» ይባላል። መስፍን በአብዛኛው ሰው ዘንድ «የሰብአዊ መብት ተሟጋች» እና «ፖለቲከኛ» ናቸው፤ ደሳለኝ «ተመራማሪ»። ሁለቱም ግን ሴን የሠራውን ዐይነት ሥራ ሠርተዋል፤ ስለ አንድ መከራ ምክንያቱን የሚያስረዳ፣ በማስረጃ ሊጸና ወይም ሊፈርስ የሚችል የራሳቸውን ማብራሪያ አቁመዋል። እዚህ ላይ የሚያስቆጭ ነገር አለ። ለገዛ ሰዎቻችን ይህን ስም የምንነፍገው ሥራቸውን ዝቅ አድርገን መዝነን አይደለም፤ ንድፈ ሐሳብ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ነው የሚል እምነት ስላደረብን ነው።

ይህ እምነት በየዓመቱ የሚታደስበት አንድ ገጽ አለ። በዩኒቨርሲቲዎቻችን በአማርኛ የሚጻፍ የማስተርስ ጥናት «ንድፈ ሐሳባዊ ማዕቀፍ» የሚል ክፍል ይኖረዋል። ተማሪው አንድ የውጭ ሊቅ ይመርጣል፤ ሐሳቡን በሁለት ገጽ ያስቀምጣል፤ ከዚያ የቦረናን ቀረርቶ፣ የለጋምቦን ዱዓ፣ የሳይንትን ተረት በዚያ ይለካል። ስለ ሰምና ወርቅ የሚጽፍ ተማሪ የሚጠቅሰው እ.ኤ.አ. በ1965 የታተመውን የዶናልድ ሌቪንን መጽሐፍ ነው። ሌቪን ሰምና ወርቅን ከቅኔ አንሥቶ የአማራን ሕዝብ ጠባይ ማስረጃ አደረገው፤ ድፍረት ያለበት፣ ብዙም የተነቀፈ ማብራሪያ ነው። ሌቪን ሐሳቡን ያገኘው ቅኔ ካስተማሩ ሰዎች አገር ነው፤ ነገር ግን ማዕቀፉ የእሱ፣ ማስረጃው የእኛ ሆኖ ይጻፋል። ሰምና ወርቅን ከኅብር፣ ኅብሩን ከውስጠ ወይራ እየለየ የሚያስተምር የዋድላ መምህር ራሱ ስለ ቋንቋ ትርጉም የቆመ ማብራሪያ እንዳለው ማን ጽፎ ያውቃል?

መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ግቢዎቹ ተማሪ እየተቀበለ ነው። ስሙን ከአምባው ወስዷል፤ ከቦረናው ግቢ ወደ ጋሥጫ ያለው መንገድ ሩቅ አይደለም። ይህን ገጽ ለመለወጥ ከእሱ የተሻለ ቦታ ያለው ተቋም አይታየኝም።

ስለ ስሙ ያለኝን ሐሳብ ልናገር። ቲዎሪስት የሚለው ባዕድ ስለ ሆነ አይደለም የማይስማማኝ፤ ሬዲዮም ባዕድ ነው። የማይስማማኝ በጆሯችን አዋቂውንና አመንጪውን ስለሚያደባልቅ ነው። «የንድፈ ሐሳብ ሊቅ» ያንኑ ያደርጋል፤ ሊቅ ያወቀ ነውና። «ንድፈ ሐሳባዊ» ደግሞ ነገሩን ይገልጻል እንጂ ሰው አይሆንም። ቅኔ ቤት የሰጠን አካሄድ የተሻለ ነው፤ «ባለ ንድፈ ሐሳብ»። የተጠራበት ነገር የራሱ የሆነ፣ የሚጠየቅበትም እሱ ራሱ የሆነ ሰው። ንድፈ ሐሳቡን የተማረውንና የሚያስተምረውን «የንድፈ ሐሳብ መምህር» እንበለው፤ ክብሩም አይጓደልበትም። በአንዱ ንድፈ ሐሳብ ሌላ ነገር የሚመረምረው ተመራማሪ ነው፤ የዕለቱን ጉዳይ የሚያስረዳው ተንታኝ ነው። አራቱ ሲለያዩ አንዱ የሌላውን ወንበር አይወስድም።

ይህ ስም ለማን ይገባል ሲባል መለኪያው ዲግሪ ወይም ዜግነት መሆን የለበትም። ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። ማብራሪያው ከዚህ በፊት ያልተገናኙ ነገሮችን ያገናኛል ወይ? ስሕተት ከሆነ ስሕተቱ በምን እንደሚታወቅ ያሳያል ወይ? ሲሞገት የሚመልስ ሰው አለው ወይ? በዚህ መለኪያ አባ ጊዮርጊስ ይገባል፤ ለዘመኑ ጥያቄ በዘመኑ ማስረጃ የቆመ ነውና። ገብረ ሕይወት ይገባል። መስፍንና ደሳለኝ ይገባሉ። ዋለልኝ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው የምር ሊከራከሩበት የሚገባ ጥያቄ ነው፤ እኔ ጥያቄውን ማንሣቱ የእሱ ነው፣ መልሱ ግን በአብዛኛው ከሌላ የመጣ ነው እላለሁ። የበልግ ዝናብ ለምን እንደ ቀረ የሚያስረዳ የለጋምቦ ሽማግሌም፣ ያለውን የሚያስተያይበት የብዙ ዓመት ትዝብት ካለውና «ይህ ካልሆነ ተሳስቻለሁ» ካለ፣ በዚህ በር ለመግባት ማንንም ማስፈቀድ የለበትም።

ከዚህ የሚከተለው ሥራ ግልጽ ነው። የመጽሐፈ ምሥጢርን የሙግት አሠራር ክፍል በክፍል አውጥቶ በአማርኛ ማስረዳት፤ የዋድላ መምህራን ስለ ኅብርና ስለ ውስጠ ወይራ የሚሉትን በየስማቸው መመዝገብ፤ የወሎ ሸኾች በዐጀሚ የጻፉትን ከግጥምነቱ ባሻገር ለሐሳቡ ማንበብ፤ የሴንን፣ የደቨሩን፣ የመስፍንንና የደሳለኝን ክርክር በአንድ የአማርኛ መጽሐፍ ማሰባሰብ። ይህ ከተሠራ በመካነ ሰላም ግቢ ስለ ቦረና ቀረርቶ የሚጽፍ ተማሪ «ንድፈ ሐሳባዊ ማዕቀፍ» ከሚለው ርእስ ሥር የሚያስቀምጣቸው የአገሩ ስሞች ይኖሩታል፤ ከእነሱም ጋር መከራከር ይችላል።